የሽማግሌዎቹ ስፖርት መኪና

በረዶ በሚጥልበት ቀን ስፖርት መኪና ይዞ የሚወጣ ሰው ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ቅናት ነው እንዳትሉኝ። አሥራ አራት ክረምት በቶሮንቶ ጎዳናዎች ላይ በረዶ መጥረጊያ መኪና ነድቻለሁ፤ እነዚህን ሰዎች ከወንበሬ ላይ ሆኜ ቁልቁል እያየሁ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ቤት የሚገዛ ገንዘብ የወጣበት መኪና መሬት ለመሬት እየተጎተተ ይመጣል። ጎማው ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ለጁላይ ፀሐይ የተሠራ። ቀይ መብራት ላይ ይቆማል። አረንጓዴ ሲበራ ሰውየው ነዳጁን ይረግጣል፣ መኪናው ያጓራል፣ ቂጡን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፣ ከቆመበት ግን ንቅንቅ አይልም። ከኋላው አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሠራተኛ ቆሞ ይጠብቀዋል። እኔ ጨው ልበትን ስጠጋ ደግሞ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቀለሜን እንዳታበላሽብኝ ይለኛል።

አንዱን በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ከበረዶ ክምር ውስጥ ሲጎትቱት አይቻለሁ። ያው መኪና፣ ያው ሰውዬ፣ ያው ጥቁር መነጽር። ሦስተኛው ላይ የምለው ቢጠፋኝ በመስኮት ምራቄን ተፍቼ አለፍኩ። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምለው ሰውዬ፣ እኔ ገብረክርስቶስ፣ በፈረንጆቹ 2013 ጃንዋሪ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካኝ ተቀምጬ ለሽምግልና ሄድኩ። ሌላውን ስሳደብ ኖሬያለሁ፣ ዛሬ ተራው የራሴ ነው።

ልጁ ፍራኦል ይባላል። ዌስተን በሚባለው ሰፈር እኔ ካለሁበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፣ እኔ ስድስተኛ ነኝ። ከአዳማ ለትምህርት መጥቶ በዚያው የቀረ ልጅ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሥራ አይንቅም፣ ከሊፍት ሲወጣ ለአሮጊት በር ይይዛል። የሚሠራው የሀብታም መኪና ክረምቱን በሚያሳልፍበት ስቶሬጅ ውስጥ ነው። ከሀብታሞቹ መካከል አእምሮ ያላቸው ኖቬምበር ሲገባ መኪናቸውን እዚያ አስቀምጠው ወደ ፍሎሪዳ ይሄዳሉ። ፍራኦል ያጥባል፣ ሽፋን ያለብሳል፣ ባትሪው እንዳይሞት ቻርጀር ይሰካል። እስከ ኤፕሪል ድረስ ከዚያ በር አንድ መኪና አይወጣም፤ የሥራው ሕግ እሱ ነው።

ይህ ልጅ ሔርሞን የምትባል ልጅ ወደደ። እዚሁ የተወለደች ናት፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች። እናቷ ሞታ አባቷ አቶ ባልቻ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ድሮ ጅማ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት ሔርሞንን አንድ ሌላ ሰው አጭቷት ነበር፤ አዳራሽ ከተያዘ በኋላ ሰውየው አዲስ አበባ ሚስትና ሁለት ልጅ እንዳለው ተሰማ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ የሚጠሉት ነገር አንድ ብቻ ሆነ። ድህነት አይደለም፣ ዘር አይደለም፣ ሃይማኖት አይደለም። ውሸት ነው።

እኔን ለምን መረጡኝ ብትሉ፣ አቶ ባልቻ ያውቁኛል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ኢስት ዮርክ ውስጥ በረዶ ስጠርግ የመጥረጊያዬ ብረት የቆመ መኪና መስተዋት ነቅሎ ጣለ። ያየኝ ሰው አልነበረም። ወርጄ በሩን አንኳኳሁና እኔ ነኝ የሰበርኩት አልኩ። የከፈቱልኝ አቶ ባልቻ ነበሩ። ከመስተዋቱ ይልቅ የኔ መናዘዝ ነበር የገረማቸው፤ አስገብተው ሻይ አጠጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው መካከል ባገኙኝ ቁጥር፣ “ይሄ ሰው ማንም ሳያየው መጥቶ የተናዘዘ ነው” እያሉ ያስተዋውቁኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልደብቅም።

ሽምግልናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሔርሞን ራሷ ቤቴ መጣች። አንቱታ አልደረሰችበትም፣ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የምትለው፣ እኔም አልቀየማትም።

“ጋሼ፣ ላስቸግርህ” አለችኝ። “ለአባዬ ሁሉንም ንገረው። ፍራኦል መኪና ያጥባል፣ ኦኬ? ሴቪንግ የለውም፣ ኦኬ? እምቢ ካለ እኔ እለምነዋለሁ፣ አባቴ ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን ውሸት እንዳይኖር። አንድ ውሸት ካለ እኔ አልችልም። አይ ካንት። አንዴ አልፌበታለሁ።”

“ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ብዬ እዋሻለሁ” አልኳት።

“አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው አንተን ያልኩት።”

ቅዳሜ ደረሰ። ቀጠሯችን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። አንዱ እኔ። ሁለተኛው ዓለሙ፣ ቤት አሻሻጭ ነው፣ ኮቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ፣ ስሙንና ፎቶውን አውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር ላይ የለጠፈ። ሦስተኛው ዙበይር፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ሥጋ ቤት አለው፣ በዓመት የሚናገረው ዓለሙ በአንድ ቁርስ ከሚናገረው ያንሳል። የኔ አሮጌ ቫን ዊንተር ታየር፣ የበረዶ ጎማ ታጥቃ፣ ሞተሯ ሞቆ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ትጠብቀን ነበር። ወደ እሷ ስንሄድ አንድ የሚያጓራ ነገር መጥቶ ፊታችን ቆመ።

ጥቁር የጀርመን ስፖርት መኪና፣ ባለ ሁለት በር። ከውስጡ ፍራኦል ወጣ፣ ቁልፉንም ለዓለሙ ሰጠው።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኩ።

“የምንሄድበት ነው” አለኝ ዓለሙ። “አባትየው በመስኮት ማየታቸው አይቀርም። ሽማግሌ በምን መጣ ነው የሚባለው። በዚያች ዝገት ልትወስደን ነው?”

“የማን ነው?”

“ባለቤቱ ፈቅዶልኛል ጋሼ” አለ ፍራኦል። “አንዳንዴ ሞተሩ እንዲንቀሳቀስ ይፈልጋል።” ይህን ሲል ዓይኑን ሰበረ። አየሁት፤ የሰው ዓይን መቼ እንደሚሰበር የማያውቅ ሽማግሌ አይደለሁም።

ዙበይር፣ “የሰው ንብረት ነው፣ ይቅርብን” አለ። አንዴ ነው ያለው።

ዓለሙ ሳቀበት። “ድሮ ሽማግሌ በምን ነበር የሚሄደው? በበቅሎ። በቅሎ የሌለውስ? ይዋሳል። በውሰት በቅሎ፣ በውሰት ካባ ሄዶ ልጅ ያልጠየቀ የማን አያት ነው? ወግ ነው ይሄ።”

አፉ መቼም አይቸግረው። እኔ ስለ ጎማው ተናገርኩ። ጎማው ሰመር ታየር፣ የበጋ ጎማ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ አሥር ሳንቲሜትር በረዶ እንደሚጥል በሥራ ስልኬ ላይ ተጽፏል አልኩ። ዓለሙ ወደ ሰማይ አመለከተኝ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እስከ ዘጠኝ ተመልሰን ምሳችንን በልተናል አለ። እኔም ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ እውነቱን ልናገር፤ እንዲህ ያለ መኪና ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር፣ አማረኝ። አሥራ አራት ዓመት የተጸየፍኩትን ነገር በር ከፍተው ግባ ቢሉኝ ገባሁ።

የኋላው ወንበር ለሕፃን እንኳ አይበቃም። እኔና ዙበይር በጋቢያችን ተጠቅልለን፣ አንገታችንን ሰብረን፣ ተደራርበን ተቀመጥን። ፊት ከዓለሙ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ከሁለታችን አንዱ ፊት ይቀመጥ ስለው የለም፣ እዚያ አባትየው ሲሰጡን የምናለብሳቸው መጎናጸፊያ ነው የሚቀመጠው አለ። መንገዱን ሁሉ የቆዳው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቅድም ያማረኝ ነገር እያቅለሸለሸኝ መጣ። ፎር ኦ ዋን አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ዓለሙ ነዳጅ ሰጠው። ቀስ በል ስለው፣ “ይሄ ቀስ አይልም” አለኝ ፈገግ ብሎ።

የአቶ ባልቻ ቤት ወደ ሸለቆው የሚወርድ ቁልቁለት መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ስንወርድ ፍሬኑ ከዓለሙ እግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። በረዶ ሳይጥል እንዲህ የሆነ ሲጥል ምን ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ዓለሙ ግን ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ በደንብ የሚታይ ቦታ መርጦ አቆመው። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየን። ዓለሙ ጎኔን ነካ አደረገኝ።

ገባን። በወጉ መሠረት ቆመን ቀረን፣ እሳቸው ተቀመጡ ይሉናል፣ እኛ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም እንላለን። ልጅቷም እንደ ወጉ ከፎቅ አልወረደችም። ልጅ ልትሆኑን ልጅ ልንሆናችሁ ነው የመጣነው ብዬ ጀመርኩ። ስለ ፍራኦል ቤተሰብ ነገርኳቸው፣ ስለ ጸባዩ ነገርኳቸው። አቶ ባልቻ እጃቸውን አጣምረው አንድ በአንድ ያዳምጣሉ። ከዚያ ጠየቁ።

“ሥራው ምንድን ነው?”

መኪና ያጥባል ልል አፌን ከፈትኩ። ዓለሙ ቀደመኝ።

“በመኪና ሥራ ላይ ነው” አለ። “ውድ ውድ መኪኖች ናቸው። በእጁ የሌለው ልጅ አይደለም አቶ ባልቻ። ያቺ ደጅ የቆመችው የሱ ናት።”

አቶ ባልቻ ወደ መስኮቱ አላዩም። ወደ እኔ አዩ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። ቀይ ምንጣፍ ነው፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ተበልቷል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባል የለ፣ እኔ አልዋሸሁም፣ የዋሸው ዓለሙ ነው ብዬ ራሴን ደለልኩ። ዙበይር ከጎኔ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር።

አቶ ባልቻ ስለ እናቱ ጠየቁ፣ ስለ እህቶቹ ጠየቁ፣ ስለ ትምህርቱ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው እንደ ፈተና ቁጥር የያዘ ነው። በመጨረሻ፣ “ነገሩን ሰምቻለሁ። ከወንድሜ ጋር ልምከርበት። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ” አሉን። የሚያስከፋ መልስ አይደለም፣ በመጀመሪያ ቀን ሴት ልጁን የሚሰጥ አባት የለም። እጅ ነስተን ወጣን።

ከገባን ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ደጁ ነጭ ሆኗል። በረዶው ቁርጭምጭሚት ደርሷል፣ ገና ይወርዳል። መኪናዋን ለማግኘት ዓለሙ በእጁ ጠረገ። አቶ ባልቻ እንደ ወጉ ሊሸኙን በነጠላ ጫማቸው በራፍ ላይ ቆሙ፣ እጃቸውን አነሱልን። ተጨናንቀን ገባን። ዓለሙ ሞተር አስነሳ፣ ነዳጁን ረገጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል። ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ታጓራለች፣ ቂጧ ወደ ግራ፣ ቂጧ ወደ ቀኝ። አቶ ባልቻ እጃቸውን እንዳነሱ ናቸው። እንግዳ ሳይሄድ ወደ ቤት መግባት ነውር ነው፣ እንግዳው ደግሞ መሄድ አልቻለም። እሳቸው በነጠላ ጫማ ብርድ ላይ ቆመው ይሸኙናል፣ እኛ አንሸኝም። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ የተባለ ሽማግሌ ሁለት ሜትር መሄድ አቅቶት የሰው ደጅ ላይ ሲያጓራ አስቡት። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ውስጥ ድረስ ገባ።

“ረገጥከው፣ አትርገጠው” አልኩት ዓለሙን። አልሰማኝም። ከመሪው ላይ አስወርጄ እኔ ገባሁ። በሁለተኛ ማርሽ ሞከርኩ፣ እንቁላል የምረግጥ ይመስል ነዳጁን በእግሬ ጣት ብቻ ነካሁት። አንድ ክንድ ያህል ወጣች፣ ከዚያ ወደ ጎን ተንሸራታ የጎረቤት መኪና ልትገጭ ጥቂት ሲቀራት አቆምኳት። ለአሥራ አራት ዓመት ከላይ ሆኜ ያየሁትን ሰውዬ ከውስጥ ሆኜ አየሁት። ጥቁር መነጽር ብቻ ነበር የቀረኝ። ዙበይር ወርዶ ከኋላ ይገፋል። ዓለሙ ጫማዬ ቆዳ ነው ብሎ ዳር ቆሟል።

አቶ ባልቻ ገብተው ቦት ጫማቸውን አድርገው ሾቭል፣ የበረዶ አካፋ ይዘው ወጡ። ልጃቸውን ልጠይቅ መጥቼ ተቀመጥ ሲሉኝ ያልተቀመጥኩላቸው ሰው ጎማዬን ሊቆፍሩልኝ ተንበረከኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የምገባበት ጠፋኝ። ተዉ አቶ ባልቻ አልኩ፣ አልመለሱልኝም። ከኋላቸው ሔርሞን የጨው ከረጢት ተሸክማ ወጣች፣ የአባቷን ካፖርት ደርባ። መኪናዋን ስታይ አልገረማትም። ወደ እኔ አይታ ግን ትንሽ ፈገግ አለች፣ አይዞህ እንደማለት። የዚያች ፈገግታ ትርጉም ያኔ አልገባኝም ነበር።

አቶ ባልቻ የኋላውን ጎማ በእጃቸው ጠረጉት። ጎንበስ ብለው አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

“ሰመር ታየር ነው” አሉ።

“አዎ” አልኩ። ከመኪናው ወርጄ ፊታቸው ቆሜያለሁ።

“አቶ ገብረክርስቶስ፣ እንግዲህ ሁለት ሳምንት ላመላልሳችሁ አልፈልግም። የሚያማክረኝ ወንድም የለኝም፣ ለወጉ ያህል ነው ያልኩት። እርስዎን አውቃለሁ፤ የእርስዎ ቃል ይበቃኛል። መኪናው የልጁ ከሆነ በሰመር ታየር በጥር ማውጣቱ ሞኝነት ነው። ሞኝ ይማራል፣ እኔም እዚህ አገር ስመጣ ሞኝ ነበርኩ። መኪናው የሰው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የማን ነው?”

በረዶው በሁለታችን መካከል ይወርዳል። ዓለሙ ከእሳቸው ትከሻ ኋላ በዓይኑ ይለምነኛል። ዙበይር እጁ ከመኪናው ላይ አልተነሳም። ሔርሞን ጨውዋን እንደያዘች ትጠብቃለች።

ያኔ ያሰብኩትን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። እውነቱን ብናገር ልጁ ያጣታል ብዬ አሰብኩ። ይህ ለራሴ ያልኩት ነው። ከሥሩ ያለው ሌላ ነበር። አይደለም፣ የሰው ነው ብል፣ ታዲያ ቅድም ምንጣፌ ላይ ቆመው ለምን ዝም አሉ ሊሉኝ ነው። ማንም ሳያየው የተናዘዘ ሰው እየተባልኩ ሦስት ዓመት ኖሬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ መናዘዝ አቃተኝ።

“የልጁ ነው” አልኩ።

አቶ ባልቻ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሾቭሉን በረዶ ላይ ተከሉት፣ እጃቸውን ዘረጉልኝ። “እንግዲያው ሰጥቻለሁ” አሉ። “የሰጠሁት ለእርስዎ ነው።” ዓለሙ ጫማውን ረስቶ በረዶው ውስጥ ገብቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎነበሰ።

ሔርሞን ከረጢቱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

“አባዬ፣ የሱ አይደለም” አለች። “የካስተመር ነው። ባለቤቱ አያውቅም።” ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ጋሼ። አንተን እኮ ነው ያልኩት።”

ትንሽ ጠበቀችኝ፣ የምናገረው ያለ መስሏት። ከዚያ ለአባቷ፣ “እኔ አልፈልግም። ንገርልኝ” ብላ ወደ ቤት ገባች። ስትሄድ በሩን አልወረወረችውም፣ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

አቶ ባልቻ እጃቸውን ከእጄ አወጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ። የጨው ከረጢቱን አንስተው ቀደዱት፣ ለሁለቱም የኋላ ጎማ እኩል አድርገው አፈሰሱት፣ እንደ ጥሩ ሠራተኛ። “ይግቡ፣ ልግፋ” አሉኝ። ገባሁ፣ ዓለሙም ከጎኔ ገባ። እሳቸውና ዙበይር ከኋላ ገፉ። መኪናዋ ጨውና ጭቃ ፊታቸው ላይ ረጭታ ወጣች። በመስተዋቱ ሳይ አቶ ባልቻ በክንዳቸው ፊታቸውን ሲጠርጉ ነበር፣ እጃቸውን ግን ለስንብት አላነሱም። ዳገቱ አናት ላይ ዙበይርን ጠብቄ ልጭነው ቆምኩ። በአጠገባችን አልፎ ሄደ፣ በአውቶቡስ እሄዳለሁ አለ። ጋቢው ላይ በረዶ ነበረበት።

በመልሱ ዓለሙ ዝም አላለም። ይመለሳሉ፣ ሴት ልጅ መጀመሪያ እምቢ ትላለች፣ በሚቀጥለው ሌላ ሽማግሌ እንጨምራለን ይላል። የቆዳው ሽታ፣ የሱ ሽቶ፣ የተቃጠለው ጎማ አንድ ላይ ሆነው ቋቅ አሉኝ። ጄን ስትሪት ላይ ዳር ይዤ ቆምኩ፣ በሩን ከፍቼ በረዶው ላይ አስታወክሁ። ዓለሙ፣ “ኧረ ወንበሩ” አለኝ።

ፍራኦል ስቶሬጁ ደጅ ባልዲና ጨርቅ ይዞ ይጠብቀን ነበር። መኪናዋ እንደቆመች ጎንበስ ብሎ ጎማዋን አየ፣ ከሥር አየ፣ በስልኩ መብራት በሩን ዳሰሰ። ጨው ነክቷታል፣ ጨው ነክቷታል ይላል። አንድ ጊዜ ሙሉውን ዞሮ ጨረሰ። ከዚያ ነው ቀና ብሎ፣ “ምን አሉ?” ያለኝ። በዚያች ደቂቃ ራሴን ተጸይፌ በተረፈኝ እሱንም ተጸየፍኩት።

ዓለሙ አፉን ሲከፍት ዝም በል አልኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ለልጁ ሁሉንም ነገርኩት። አባትየው እንደጠየቁኝ፣ እንደዋሸሁ፣ እንደሰጡ፣ ልጅቷ እንደሰማችኝ። ከባልዲው ውስጥ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ፍራኦል ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ ሰማኝ።

“ታውቃለች እኮ” አለ በመጨረሻ። “ስለ መኪናው ዛሬ ጠዋት ደውዬ ነግሬያታለሁ። ለእርስዎ ያልኩት ውሸት ነበር፣ ለሷ ግን መዋሸት አቃተኝ። ባለቤቱ አልፈቀደም አልኳት። ተቆጣችኝ፣ ሰደበችኝ። ከዚያ ጋሼ ገብረክርስቶስ አለ፣ አባዬ ከጠየቀ እውነቱን ይነግረዋል፣ አባዬም ይስቅብሃል አለችኝ። ስቃ ነው ስልኩን የዘጋችው።”

ያ ፈገግታ ያኔ ገባኝ። አይዞህ፣ ንገረው ማለቷ ነበር።

“አሁን እኔ ያስዋሸሁዎት ነው የሚመስላት” አለ።

“ስጠኝ ስልኩን” አልኩት። “እኔ እነግራታለሁ። አንተ ዋሽልኝ እንዳላልከኝ፣ ከራሴ አውጥቼ እንደዋሸሁ፣ አምላክን ጠርቼ እነግራታለሁ። ደውልላት።”

ፍራኦል ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አልደወለም። ቁጣ የለበትም ፊቱ፣ ግራ የገባው ልጅ ፊት ነው።

“እሺ ጋሼ፣ ይነግሯታል” አለኝ። “ታዲያ እርስዎን ታምናለች?”